ወደ ይፋግ የላክኋቸው ፎቶዎች

ባለቤቴ የመጀመሪያ ፎቶዎቼን ባየች ቁጥር፣ "ሐይቁ ሊፈስ ነው፤ ቀና አድርገው" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ጣናን ወደ አንድ ወገን ሳላዘምም ማንሳት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ፋይል ስደረድር የምውል ሰው፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ያገለገለ ካሜራ ገዝቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳርቻ መንከራተት ጀመርሁ። ትምህርቱን ከስልኬ ላይ እያየሁ እሞክራለሁ። የማነሳው ባለቤቴን ነበር፤ ሌላ ማን ይታገሠኛል? እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አቆማታለሁ፤ ዓይኖቿ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ሆነው ይወጣሉ። "ባልሽ መታሽ ወይ ይሉኛል እኮ!" ብላ ትስቃለች። እኔ ቁጡ ነኝ፤ እናደድና ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ እወረውረዋለሁ። እሷ ታወጣዋለች።

ጥሩ የወጣውን እየመረጥን ይፋግ ላሉት እናቷ እንልክላቸው ነበር። አማቴ የሚነካ ስልክ የላቸውም። አብሯቸው የሚኖረው ሩዝ አምራች ታናሽ ወንድሟ ነው በስልኩ የሚያሳያቸው።

በሁለተኛው ዓመት የባለቤቴ ጉበት ታመመ። ከሐኪም ቤት ስንወጣ መጀመሪያ የተናገረችው ስለ ራሷ አልነበረም።

"ለእማዬ እንዳትነግራት። እኅቴን ከቀበረች ዓመት አልሞላትም። ስድን እኔው እነግራታለሁ።"

"እሺ" አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ግን ፎቶው ከቀረ እናቷ እንደሚጠረጥሩ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ቅዳሜያችን ቀጠለ።

ፎቶ ማንሳት የተማርሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ ነው። ጉንጯ ሲጎድል፣ ራቅ ብሎ ሩቁን በሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ማንሳት ፊትን ሞላ እንደሚያደርግ ተማርሁ። አንገቷ ሲሳሳ ነጠላዋን ከፍ አድርጎ መጠምጠም ተማርሁ፤ ነጩ ጨርቅ ብርሃኑን ወደ ፊቷ እንደሚመልስ ያወቅሁትም ያኔ ነው። መቆም ሲያቅታት ሐይቁ ዳር ካለችው ዋርካ ሥር አስቀምጣት ጀመር። ሐይቁም አልፈሰሰም፤ መስመር የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ "አንተ ሰውዬ፣ ባለሙያ ሆነሃል" ይሉኛል። ደስ ይለኝና ወዲያው ያመኛል።

አንስቼ ስጨርስ አጠገቧ እቀመጥና አንድ በአንድ እናያለን። "ይኼን አጥፋው፤ እማዬ ታውቃለች" ትላለች። አጠፋለሁ። "ይኼንንም።" አጠፋለሁ። የምንልከው አንድ ብቻ ነው። ይፋግ ሲደርስ አማቴ በልጃቸው ስልክ ይደውላሉ፤ "ወፈርሽልኝ፣ ተመስገን!" ይላሉ። እሷ ትስቅላቸዋለች፤ ስልኩን ስትዘጋ ግን ወደ ሐይቁ ትዞራለች።

ዓይኗ ቢጫ የሆነ ሳምንት ዘዴ ጠፋኝ። በመጨረሻ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጌ ላክሁት። ያኑ ለት ቅዳሜ ከሰዓት አማቴ ደወሉ።

"ቀለሙን ምን ነካው? የሙት ፎቶ አስመሰላችኋት እኮ!"

ካሜራው ተበላሽቶ ነው አልኋቸው። ድምፃቸው አላመነኝም። ባለቤቴ እጄን ይዛ፣ "ነገ ጥሩ አድርገህ አንሳኝ" አለችኝ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ደግፌ ወሰድኋት። ፀሐይዋ ብቅ ስትል ውኃው፣ ሣሩ፣ ነጠላዋ፣ ሁሉም ወርቅ ቀለም ለበሰ። ሁሉ ነገር ቢጫ ሲሆን የዓይኗን ቢጫ ማን ይለየዋል? ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞርሁት፤ ጉንጯ ሞላ። የካሜራውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አላነሳሁም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳየው ደስ አለኝ። ሕመሟን እንኳ ለትንሽ ጊዜ ረሳሁት። እዚያው ሆነን ላክነው።

በሦስተኛው ሳምንት አረፈች። አማቴን ዘመዶች "ትንሽ አሟታል" ብለው አመጧቸው፤ ሲደርሱ ሣጥኑ ተዘግቷል።

ከሠልስቱ በኋላ፣ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ አማቴ አስጠሩኝ። ካሜራውን ይዤ እንድመጣ ነበር ያሉት። አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

"ስትታመም ያነሳሃትን አሳየኝ። የልጄን ሕመም አላየሁም፤ ልየውና ላልቅስላት።"

"የለም፣ እናቴ። ሁሉንም አጥፍተነዋል። ያለው እርስዎ ያዩት ብቻ ነው።"

"እሱኑ አምጣው እንግዲያ።"

አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ጣታቸውን ከነጠላዋ ላይ አሳረፉ።

"ከዚህ ሥር ምን ነበረ?"

"አንገቷ ነው። አጥንቱ ወጥቶ ነበር።"

"እጇንስ ለምን ሸሸገችው?"

"መርፌው አጥቁሮት ነበር።"

"እዚህ ላይ ለምን ተቀመጠች?"

"መቆም አቅቷት ነው፣ እናቴ።"

የሸፈንሁት እኔ ነኝና ከሥሩ ያለውን ከማንም በላይ የማውቀውም እኔው ነበርሁ። ምንም አላስቀረሁም፤ ሁሉንም ነገርኋቸው። እሳቸውም እያንዳንዱን እየሰሙ በቀስታ አለቀሱ። ጥቁርና ነጩ ላይ ስንደርስ ስለ ዓይኗ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የመጨረሻው መጣ፤ ያ የጎህ ፎቶ። ብዙ ቆዩበት።

"ይኼ ላይስ ምን ሸፈናችሁ?"

"ሁሉንም" አልሁ። "ብርሃኑ ነው የሸፈነው።"

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ጥቁሩ የመጣ ለት ልቤ ፈርቶ ስንቄን ቋጥሬ አደርሁ። ጧት መንገድ ዳር ቆሜ መኪና ስጠብቅ፣ ልጄ እየሮጠ መጥቶ ይኼን አሳየኝ። ደኅና ናት ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።"

ይህን ብለው ካሜራውን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።