የአምፕሊፋየሩ ክንፎች

በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ስፈልግ ከረምኩና በመጨረሻ ሉማሜ ላይ ሞባይል ጠጋኝ ሆኜ አረፍኩት። በሰፈሩ አፍ ደግሞ «ተምሮ ተምሮ ስልክ የሚፈታው» ነኝ።

የደብራችን አምፕሊፋየር ገና ሰዓት ሳይሞላው እየጋለ ስብከት መሐል ጸጥ ይል ነበር። ስሜን የማድስበት ቀን መጣ አልኩ። ከመስኮት ሠሪዎች ቁርጥራጭ አሉሚኒየም ለምኜ፣ ሙቀቱን ከውስጥ ስበው ወደ ውጭ የሚያስወጡ ክንፎች ልሠራለት ተነሣሁ። ብዛታቸውን፣ ርቀታቸውን ሳሰላና ስሞርድ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ክንፎቹ የሚፈልጉት ነገር ነፋስ ብቻ ነው። ከገጠምኳቸው በኋላ አምፕሊፋየሩ ሦስት እሑድ እንከን አልወጣለትም፤ መሪጌታ እንኳ በሕዝብ ፊት መረቁኝ።

በንግሡ ዕለት፣ ሰባኪው ገና ከመጀመራቸው፣ ድምፁ ጠፋ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። አንዱ ከኋላዬ «ዲግሪ አለው የተባለው ይሄ ነው?» አለ።

እየተጋፋሁ ስደርስ አምፕሊፋየሩ ከላይ እስከ ታች ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ከፋይ ለብሶ ቆሟል። ስገልጠው ክንፎቹ እጄን ፈጁኝ።

«መሪጌታ፣ ይህን ማን ነው ያለበሰው? አፍኖ ገደለው እኮ» አልኩ፣ ንዴቴን መደበቅ አቅቶኝ።

መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስለት ነው ልጄ። ‹የልጄ ሥራ ከሠመረልኝ ከፋይ አለብሰዋለሁ› ብለው ተስለው ኖሯል። ዛሬ ጧት ያስገቡት እናትህ ናቸው።»