የክብሩ እግር

ባለፈው እሑድ አፍንጮ በር የምትኖረውን ጎረቤቴን አልማዝን «እንኳን ተረፈልሽ» ልላት ሄድኩ። ልጇን ቸርችል ጎዳና ላይ ሞተር ገጭቶት ከጉልበቱ ጀርባ ያለው ደም ሥር ተቀዶ ነበር። ሐኪሞቹ እግሩን አልከፈቱትም፤ ብሽሽቱ ላይ በመርፌ ቀዳዳ ገብተው፣ ቀጭን ቱቦ በደም ሥሩ ውስጥ አሳልፈው፣ የተቀደደውን ከውስጥ ጠገኑት። ልጁ በእግሩ ቆሞ በሩን ከፈተልኝ።

አልማዝ ፈንዲሻ እያቀረበች «ድሮ ቢሆን መሣሪያ የለ፣ ይቆረጥ ነበር» አለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ።

ያናደደኝ ነገር የሆነው ድሮ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሆኜ በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ክረምት ነው። ፒያሳ ጭቃና የተጠበሰ በቆሎ ይሸት ነበር። ክብሩ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጨርቅ ይሸጣል። የጭነት መኪና ጉልበቱን መታው፤ እናቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እኛ ሆስፒታል ይዘውት ደረሱ። ጀሶ ከታሰረለት በኋላ፣ የአራዳ ልጅ ነውና፣ እያሾፈ «ሲስተር፣ ጣቶቼን የት አደረጋችኋቸው? አይሰሙኝም» አለኝ። ዳሰስኩት። እግሩ በረዶ ሆኗል፤ ትርታ የለውም፤ ደም እየደረሰው አልነበረም።

ሐኪሙ ዘንድ ሮጥኩ።

«ዶክተር፣ የእግሩ ትርታ አይገኝም።»

«ብርዱ ነው። ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አስተማሪዬ የሆንሽው?»

ከሰዓት በኋላ ደግሜ ሄድኩ። «ከሥራ እንዳላስወጣሽ» አለኝ። በማግስቱ እግሩ ጠቆረ። በሦስተኛው ቀን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

እናቱ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። «ምን አጥፍተን ነው፣ ዶክተር?» አሉት።

«ዘግይታችሁ አመጣችሁት፣ እናቴ።»

አጠገቡ ነበርኩ። የመጡበትን ሰዓት በገዛ እጄ መዝግቤዋለሁ። ዝም አልኩ። እሳቸው ፔርሙሱን አቅፈው «እውነት ነው፣ ታክሲ ስፈልግ ቆይቻለሁ» እያሉ ራሳቸውን ከሰሱ።

ይህን ሁሉ ለአልማዝ ነገርኳት። ቱቦው አልነበረንም፣ እውነቷን ነው። ደም ሥር ከፍቶ የሚሰፋ ሐኪም ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበር። ትርታ የሚፈልግ ጣትማ ሁላችንም ነበረን።

እርጅና ንዴትን ያበርዳል ይላሉ። የእኔ አልበረደም። ሐኪሙ ከሞተ ቆየ። የክብሩ እናትም ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልነበረ ሳያውቁ ማረፋቸውን ሰምቻለሁ። ሊነግራቸው የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ የሃያ ሁለት ዓመት ነርስ፣ ለእንጀራዋ ፈርታ ዝም ያለች።