ለማርታ አልጋ የተለካ አንሶላ

በ1998 ዓ.ም. በጋ፣ ጥር ሲጋመስ፣ ሐዋሳ በሠርግ መኪና ጥሩምባ ስትናጥ የእኛም ቤት ተራ ደረሰ። ታላቅ እህቴ ማርታ ልታገባ ነው። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ።

አልጋውን የሙሽራው ቤት ሊያሠራ፣ አንሶላውን የሙሽራዋ እናት ልታዘጋጅ ስምምነት ሆነ። አባታችን ካረፈ ቆይቷል፤ እናቴ ግን ለዚህ ቀን ያስቀመጠችው አንድ ነገር ነበራት። ትሠራበት የነበረው የእንግዳ ማረፊያ ሲዘጋ የሰጧት የተልባ እግር ጨርቅ ነው። ከሳጥኑ ስታወጣው ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። በሰንበት ትምህርት የጥንት ካህናት ልብስ ከተልባ እግር ይሠራ እንደነበር ተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ጨርቅ በእኛ ቤት፣ በአዲስ ከተማ ሰፈር ተኝቶ መኖሩን ማመን አቃተኝ። በአንድ ጣቴ ብቻ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር።

ጨርቁ ለአንድ ትልቅ አንሶላ ብቻ ይበቃል። አጥሮ ከተቆረጠ ሌላ የለንም። የአልጋውን ልክ ደግሞ አናውቅም።

«ለምን አንጠይቃቸውም?» አለች ማርታ።

«አልጋችሁ ስንት በስንት ነው ብዬ? ገና ልጄን ሳልድር? ምን ይሉኛል!»

ስለዚህ እኔ ተላክሁ። በእጄ የጓሯችን ፓፓያ፣ በኪሴ ሲባጎ ይዣለሁ። «ፓፓያውን ስጪና ሴትዮዋ ጓዳ ሲገቡ ለክተሽ ውጪ። ማንም እንዳያይሽ» አለችኝ እናቴ።

እነሱ ሰፈር፣ ታቦር ስደርስ የሙሽራው እናት እማማ አስቴር ፓፓያውን ተቀብለው ጓዳ ገቡ። ገርበብ ያለውን በር ገፋሁት። እንዲያ ያለ አልጋ አይቼ አላውቅም! የሰንበት ትምህርት ክፍላችን በሙሉ የሚተኛበት መሰለኝ። ፍራሽ አልተነጠፈበትም፤ ርብራቡ ባዶ ነው፤ ክፍሉን የቫርኒሽ ሽታ ሞልቶታል። የሲባጎውን አንድ ጫፍ ይዤ ወደ ሌላው ስሮጥ የመጀመሪያው ያመልጠኛል። በመጨረሻ አንዱን ጫፍ በእግሬ ጣት፣ ሌላውን በእጄ ይዤ ርብራቡ ላይ በደረቴ ተዘረጋሁ።

«አንቺ! እዚያ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

እማማ አስቴር በሩ ላይ ቆመዋል።

«አልጋውን እየለካሁ ነው፣ እማማ።»

ሲባጎውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ማን ላከሽ አላሉኝም። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

«በእግር ጣት አልጋ ይለካል እንዴ? አምጪው። ያዢ፣ ወጥሪ! ፍራሹንስ ለክተሻል?»

«የቱን ፍራሽ?»

«ይኸውልሽ! እንጨት ለክተሽ ልትሄጂ ነበር። አንሶላ የሚለብሰው ፍራሹ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ከነላስቲኩ ግድግዳ የተደገፈውን ፍራሽ አሳዩኝ። ሲባጎውን በፍራሹ ውፍረት ልክ አስረዘሙት፤ ከሥር ለሚታጠፈው አንድ ስንዝር ጨመሩ፤ በሌላውም ወገን እንዲሁ። የርዝመቱን በአንድ ቋጠሮ፣ የስፋቱን በሁለት ቋጠሮ ምልክት አደረጉልኝ።

«ሠርጉ እስኪያልፍ ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ትሸማቀቃለች።»

እቤት ስገባ እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ግን እሱኑ ነበር። «ማንም አላየሽም?»

«ማንም» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ለጸሎት ስንበረከክ ዓይኔን መጨፈን ፈራሁ።

የተልባ እግር ሲታጠብ ስለሚገባ እናቴ ሳትቆርጠው ሁለት ጊዜ አጠበችው። ወርዱ ጠባብ ስለነበር ሁለት ቆርጣ አጋጥማ መስፋት ነበረባት። መቀሱን ስታነሳ «ጌታ ሆይ፣ አደራ» አለች።

በሠርጉ ዋዜማ እናቴና እኔ አንሶላውን ይዘን ሄድን። የሙሽራው አክስቶች አልጋውን ከበው ቆመዋል። አንደኛዋ፣ «ይህን ሜዳ የሚያለብስ አንሶላ አለ ብላችሁ ነው?» ብላ ሳቀች። እናቴ አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጠችኝ። ዘረጋነው። በዚህም በዚያም ወረደ፤ ከፍራሹ ሥር ገብቶ ታጠፈ፤ አንድም ቦታ አላጠረም። እማማ አስቴር በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉትና፣ «አልጋውን ሳታይ እንዲህ ልክክ! ምን ዓይነት እናት ናት!» አሉ። ወደ እኔ ዞር እንኳን አላሉም። እናቴ ቀና አለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀና ስትል አይቻት አላውቅም ነበር። ሰው መልካም ነገር ሠርቶ እንዲህ መደበቅ እንደሚችል ያን ዕለት አየሁ፤ እስከ ዛሬም ይደንቀኛል።

አሁን አንሶላ ልገዛ መሃል ከተማ ሱቅ ስገባ ስንት በስንት እንደሆነ ላስቲኩ ላይ ተጽፏል። ያልገባቸው ሙሽሮች በስልክ ይጠይቃሉ። ቀሏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ከመግዛቴ በፊት የፍራሹን ውፍረት በስንዝር ሳልለካ ከቤት አልወጣም። ያኔ እማማ አስቴርን አስባለሁ።

ያን ጊዜ፣ በሠርጉ ማግስት ጠዋት፣ በቤታችን የጸሎት ተራው የእኔ ነበር። ለእናቴ ፊት ለፊት መናገር ስላልደፈርኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዲህ ብዬ ጸለይኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ ከእኔ ጋር ተንበርክከው አልጋውን የለኩትን እማማ አስቴርን ባርክልኝ። ማንም አላየኝም ብዬ የዋሸሁትንም ይቅር በለኝ።»

እናቴ «አሜን» እስክትል ድረስ ዓይኔን አልገለጥኩም።