የአባየ ፉጨት፦ ከወረታ ባሕር ዳር

ማለዳ፣ ወረታ

ከአባቴ ከአባየ ጋር ወረታ መናኸሪያ ስንደርስ የሩዝ መፈልፈያዎቹ መጮኽ ጀምረዋል። የምንሄደው ባሕር ዳር፣ ለቀዶ ሕክምና ነው። ከአባየ ጆሮ ሥር ያበጠውን ጆሮ ደግፍ ነው ብለን ስንት ጊዜ ጥላሸት ቀባንላቸው! ለካ የምራቅ ዕጢ ካንሰር ኖሯል፤ አሁን መንጋጋ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል።

የፎገራ ሜዳ በመስኮቱ ሲያልፍ ልጅነቴ መጣብኝ። ያኔ ክረምት ጎርፉ ደጃችን ድረስ ይመጣ ነበር፤ ሲሸሽ አባየ ከብቶቹን ርብ ወንዝ አውርደው ያጠጣሉ። ሲጠጡም ያፏጩላቸዋል። ፉጨቱ ሲቆም በሬዎቹም መጠጣት ያቆማሉ። ያ ዘመን እንዴት ይናፍቀኛል!

ሐሙሲት

መኪናው ሐሙሲት ሲቆም የሽምብራ እሸት ገዛሁ። አባየ ማኘክ ስለማይችሉ እየፈለፈሉ ለእኔ ሰጡኝ።

"ብይ ልጀ፣ እኔ በዐይኔ እበላለሁ" አሉ።

ባሕር ዳር

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ደግ ነው፤ ግን አልሸፋፈነም። "ዕጢውን ከያዘው መንጋጋ አጥንት ጋር ቆርጠን እናወጣለን። የፊት ነርቩም ስለተነካ ከንፈርዎ በአንድ ወገን አይታዘዝልዎትም።"

"ማፏጨትስ?" አሉ አባየ።

ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊታቸውን ሲያይ ተወው። "አይመስለኝም አባቴ።"

አባየ ጋቢያቸውን አንስተው ተነሡ። "እንግዲያ ወደ ቤታችን እንሂድ።"

"ከብቶቹ ሳይፏጭላቸውም ይጠጣሉ እኮ!" አልኩ።

"ይጠጣሉ። አይጠግቡም።"

"እኔስ አባየ? እኔ እርስዎን ጠግቤያለሁ?" አልኩና ሰው ፊት አለቀስኩ። ጋቢያቸውን መልሰው አስቀመጡ።

በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገቡ። ቀኑ አልመሽልኝ አለ። በመጨረሻ ሐኪሙ ወጥቶ በዐይን የታየውን ዕጢ ሁሉ እንዳወጡት ነገረኝ፤ የጨረር ሕክምና ግን ገና ይቀራቸዋል።

ቤት

ቁስሉ ጠግጎ ስንመለስ አባየ ቤት እንኳ ሳይገቡ ከብቶቹን ይዘው ርብ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ለፉጨት ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደግመው ሞከሩ። አንዱ በሬ ውሃው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ወደ እኔ ዞሩ።

"አንች አፏጪ።"

በአገራችን ሴት አታፏጭም፤ ልጅ ሆኜ ስሞክር እናቴ ቆንጥጣኛለች። "ሰው ምን ይለኛል?"

"በሬው ሰው አይደል!" አሉ፤ በደህናው ወገን እየሳቁ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ የአባቴን ነገር ቁጭ ብዬ ከምናፍቅ እሳቸው ሳሉ መቀበል እንዳለብኝ ነው። አፏጨሁ። በሬው ቀና ብሎ አየኝ፤ መልሶም ጎንበስ አለ። እስኪጠግብ ድረስ አባየ እጄን አልለቀቁም።