በእናቴ እጅ የቆየው አምባር

የወንድሜ የጀላል ሚስት መዲና ቀኝ እጇ መጀመሪያ የከዳት ካኪ ስትቆርጥ ነው።

ደሴ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ማኅበር ቆራጭ ነበረች። በዚያን ጊዜ ማኅበሩ የሚሰፋው በአብዛኛው የሚሊሽያ ልብስ ነበር። ካኪውን ደራርበው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጉላታል፤ በጠመኔ ይሰመራል፤ እሷ መስመሩን ይዛ በትልቁ መቀስ ትሄዳለች። ቦታው የጀላል ነበር። መቀሱም የእሱ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት ማኅበሩ ሥራውን ለሚስቱ ሰጣት። አቆራረጡን እሱ ራሱ አስተምሯት ስለነበር የባከነ ጨርቅ አልወጣባትም። መቀሱ ለወንድ እጅ የተሠራ፣ ከባድ ነው። ቀለል ያለ ያዢ ስትባል፣ “ይኼ ለምዶኛል” ትላለች። እሱን ለምዳው ይሁን መቀሱን፣ ማንም አልጠየቃትም።

የውትድርናው ጊዜ አለቀ ተብሎ ጀላል አልተለቀቀም። በ1980 መጋቢት ላይ ከሰሜን በኩል ክፉ ወሬ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ከእሱ የሚመጣ ወረቀትም፣ አየሁት የሚል ሰውም ጠፋ። መዲናና እኔ እህቱ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በአንዲት ቤት አብረን እንኖር ነበር። ስሙን የምናነሳው ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ብቻ ነው። “ይኼን መዝጊያ ጀላል ቢሆን በአንድ ሚስማር ይጠግነው ነበር” እንባባላለን። መዝጊያው እንደተሰበረ ይቆያል።

በዚያው ክረምት አውራ ጣቷና ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። እጇን እንደ እርጥብ ልብስ ታራግፈዋለች፤ ይለቃትና ሥራዋን ትቀጥላለች። ቆይቶ ግን ከእንቅልፏ የሚያባንናት ሆነ። ከእጅ አንጓዋ ተነስቶ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ያቃጥላታል። የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። ብርጭቆ ይዛ ስታወራ ብርጭቆው ከእጇ ይወድቃል፤ መውደቁን የምታውቀው ድምፁን ስትሰማ ነው። ትንሿን ጣቷን ግን ሕመሙ አልነካትም። “አሁን የቀረችልኝ ይህቺ ብቻ ናት” እያለች ታሳየን ነበር።

አንድ ቀን መቀሱ ከመስመር ወጣባት። አጠገቧ መኪና ላይ የምትሰፋው አልጣሽ የተቆረጠውን የሱሪ እግር አንስታ ወደ ብርሃን ያዘችው።

“መዲና፣ ይኼን የሚለብሰው ሚሊሽያ ወደፊት ቢሉት ወደ ጎን ነው የሚሄደው።”

“ዝም በይ፤ ሊቀ መንበሩ ይሰማሻል።”

“ለእሱማ ሚሊሽያው ወደ ኋላም ቢሄድ ደስታው ነው፤ ጨርቅ ካልባከነበት።”

ሳቁ። አልጣሽ ግን ከተበላሸው አብዛኛውን ሰብስባ ማንም ሳያይ ኪስ አድርጋ ሰፋችው። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ “እቴ፣ እጅሽን ተመልከቺው። ሁልጊዜ ኪስ መስፋት አይቻልም” አለቻት።

መመልከቱ ቀላል አልነበረም። የደነዘዘ ጣት ያለው ሰው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄደ ማለት በዚያን ጊዜ ሌላ ወሬ ነው። ሆስፒታሉ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በማከም ስለሚታወቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ያንን ነበር። መዲናም ሳትናገር ያንን ፈርታ ኖሯል። ስለዚህ በቅድሚያ የሄድነው ሰፈራችን ካሉት ወጌሻ ከጋሽ እንየው ዘንድ ነው።

ጋሽ እንየው ክንዷን ይዘው አገላበጡ።

“ምን አንስተሽ ነው?”

“ምንም አላነሳሁም፣ ጋሼ።”

“ያላነሳ ሰው እጁ አይዞርበትም። አንስተሽ ረስተሽው ነው።”

“ይደነዝዘኛል እንጂ አልዞረብኝም።”

“ስለዞረ ነው የሚደነዝዝሽ፣ ልጄ።”

በቅቤ አሹት። አምባሯን ወደ ክርኗ ገፍተው አንጓዋን በጨርቅ ጠበቅ አድርገው ጠመጠሙት፤ ጁምዓ እስኪመጣ እንዳትፈታውም አስጠነቀቋት። ሰውዬው ክፋት የለባቸውም፤ የስንቱን ክንድና ቁርጭምጭሚት መልሰዋል። ይኼኛው ግን የተለየ ሕመም ነበር። ጨርቁ ሲፈታ እጇ አብጦ፣ ጣቶቿ ወፍረው ነበር። አምባሩ ተመልሶ አንጓዋ ላይ ሲወርድ ሥጋዋ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ወደ ላይም ወደ ታችም አልንቀሳቀስ አለ።

ስለ አምባሩ መናገር አለብኝ። ድፍን የብር አምባር ነው፤ የእናቴ ነበር። ጀላል ሲያገባ እናቴ ከእጇ አውጥታ ለሙሽራዋ ሰጠቻት። ያን ጊዜም ለመዲና ጠባብ ነበርና ጀላል እጇን በሳሙና አሽቶ እየገፋ ሲያስገባው እንባዋ ወረደ። “ካሁን በኋላ ማንም አያወልቀውም፤ ከወለቀም እኔ ነኝ የማወልቀው” አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ኢዳ ስትቀመጥ፣ ማለት የሐዘን ጊዜዋን ስትጠብቅ፣ ጌጧን ታወልቃለች። ስለዚህ ባዶ የሆነውን የሚስት እጅ የሚያይ ሁሉ ሳይጠይቅ ያውቃል።

በመጨረሻ ቦሩ ሜዳ ሄድን። ሚኒባስ ውስጥ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ተቀመጠች። ሐኪሙ ከፍያለው የሚባል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ዓይኗን አስጨፍኖ ጣቶቿን አንድ በአንድ በጥጥ ነካካቸው፤ ከዚያም በመርፌ ጫፍ። ክንዷን፣ ፊቷን፣ እግሯን አየ። ከዚያ አንጓዋን መሐል ለመሐል በጣቱ መታ መታ ሲያደርገው ደንግጣ እጇን ሳበች።

“ንዝረቱ የት ድረስ ሄደ?”

“እስከ ጣቴ ጫፍ።”

“የፈራሽው ነገር አይደለም” አላት። ምን እንደፈራች አልነገረችውም ነበር። መዲና ዓይኗን ገለጠች። እሱም አንጓዋ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ እንዳለ፣ ነርቩ በዚያ ሲያልፍ እንደተጨመቀ አስረዳት። ከባዱን መቀስ እንድትተው፣ ስትተኛ አንጓዋ እንዳይታጠፍ በእንጨት ደግፋ እንድታስር ነገራት።

“ይኼ አምባርም ይውለቅ።”

“አይወልቅም።”

“በመጋዝ ይቆረጣል።”

“መቀሱን እተዋለሁ፣ ዶክተር። አምባሩ ግን አይቆረጥም።”

ሐኪሙ የአውራ ጣቷን ሥር አሳያት። እዚያ ላይ የነበረው ሥጋ ጎድጉዷል። “ይኼ እየሟሸሸ ነው። ከቆየ መቀስ ብቻ ሳይሆን መርፌም አትይዢም። ያን ጊዜ እኔም አልመልሰውም” አለ። መዲና አመስግና ተነሳች።

በሚቀጥለው እሑድ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ እናቴ ዘንድ ሄድን። እናቴ ኡሙሰልማ ቤቷ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ልጇ በወታደር መኪና በዚያ ስላለፈ ሌላ ቦታ መኖር አትፈልግም ነበር። ምሳ ቀረበ። መዲና ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም፤ አልራበኝም አለች።

“ምነው፣ በግራሽ ልትበዪ አስበሽ አፍረሽ ነው?” አለች እናቴ።

መዲና እጇን አወጣች። ቁራሹን ልታነሳ ስትል ከጣቶቿ መሐል ወደቀ። እናቴ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ደግማ አጎረሰቻት። ከዚያ እጇን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው።

“አምባሩ ነው?”

“ሐኪሙ አውልቂው አለኝ።”

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?”

“ኢዳ የተቀመጥኩ ይመስላል።”

“ለሰው ነው የምትፈሪው?”

“ለሰው አይደለም፣ እማ። ባዶ እጄን ያየሁ ቀን እኔው ራሴ የማምን ይመስለኛል። እርስዎስ ምን ይሉኛል?”

እናቴ ትሪውን ወደ ጎን ገፋችው። ልጇን ከሁላችን አስበልጣ የምትጠብቀው እሷ ናትና እኔም ምን ትል ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር።

“ኢዳ የሚስት ነው” አለች። “እናት ኢዳ የላትም። እኔን አውልቂ የሚለኝም፣ አጥልቂ የሚለኝም የለም። ስለዚህ እስኪመጣ እኔ አጠልቀዋለሁ።”

“ይሆናል?”

“ቀድሞስ የማን ነበር? ተነሺ፤ ሱቁ ሳይዘጋ።”

ብር ሠሪው ዘይኑልአቢዲን ሴቶቹንም አምባሩንም አየና መጋዙን ከማንሳቱ በፊት ለሞተ ሰው እንደሚባለው፣ “አላህ ይርሀመው” አለ።

“ማንን?” አለች እናቴ። “የታመመው እጇ ነው። አፊያ ያድርግሽ በላት።”

ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ፣ “አፊያ ያድርግሽ፣ እህቴ” አለ። በአምባሩና በሥጋዋ መሐል ቀጭን ቆዳ አስገብቶ መጋዙን ቀስ ብሎ ጎተተው። መዲና ፊቷን ወደ እናቴ ትከሻ አዙራ ነበር። ሲለቅላት ከሥሩ የነበረው ቆዳ ነጥቶ፣ ክብ ምልክት ሠርቶ ታየ። እናቴ አምባሩን በሸማዋ ጠርጋ በቀጭን ክንዷ ላይ አጠለቀችው፤ እንዳይወጣባት የተቆረጠውን በጥቁር ክር አሰረችው። መዲና ወደ ደሴ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ግራ እጇን ያ ነጭ ምልክት ላይ እንዳደረገች ነበር።

መቀሱን ዘይት ቀብታ በካኪ ጠቀለለችና ከሣጥኑ ሥር አስቀመጠችው። አልጣሽ ከተበላሹት የሱሪ እግሮች ከአንዱ ጠፍጣፋ እንጨት የሚገባበት እጅጌ ሰፋችላት። “ሚሊሽያው ሳይለብሰው አንቺ ለበስሽው” አለቻት። እሱን አስራ ትተኛ ነበር። ማቃጠሉ ቀስ በቀስ ተዋት። ስሜቱ የተመለሰው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ በመሐል ጣቷ፣ ከዚያ በጠቋሚዋ። አውራ ጣቷ ሥር የጎደጎደው ግን እንደ ነበረው አልሞላም። ወደ መስፊያ መኪና ተዛወረች።

በ1983 ግንቦት ጦሩ ተበተነ። ወታደሮቹ ባዶ እግራቸውን፣ አንዳንዶቹ በዱላ እየተደገፉ፣ በእናቴ ደጃፍ ያልፉ ጀመር። እናቴ በርጩማዋን አስፋልት ዳር አወጣች። አምባሩ እንዲታይ እጇን ከነጠላዋ ውጭ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። መዲና በሁለተኛው ቀን ደረሰች።

“እማ፣ እርስዎ እጅ ላይ ሲያየው እኔ የሞትኩ ይመስለዋል።”

“እንግዲያው አጠገቤ ተቀመጪ።”

ተቀመጠች። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፤ እሷ ጣሳውን በቀኝ እጇ እያነሳች ለሚያልፈው ትሰጣለች። ጣሳው አልወደቀባትም። ለያንዳንዱ፣ “ጀላል የሚባል የደሴ ልጅ ታውቃለህ? ልብስ ሰፊ ነው” ትላለች። አንዱ ጠጥቶ አፉን ጠረገና፣ “ልብስ ሰፊ ብዙ ነበረን፣ እህቴ” አለ። ሌላው አምባሩን አየና ለእናቴ እጅ ነስቶ አለፈ። መንገዱ ባዶ እስኪሆን ድረስ ሁለቱ በየቀኑ እንዲህ ተቀመጡ። ጀላል አልመጣም።

እናቴ በሚቀጥለው ዓመት ሞተች። ሊያጥቧት ሲሉ ክሩን ፈትቼ አምባሩን ለመዲና ሰጠኋት። ዘይኑልአቢዲን ልበይደው ብሎ ነበር፤ እምቢ አለችው። አሁን በተቆረጠው በኩል ስለሚከፈት በቀላሉ ይገባል፣ በቀላሉ ይወጣል። ጠዋት መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ አውልቃ በክር ሣጥኗ ውስጥ ታኖረዋለች። ማታ ሥራዋን ስትጨርስ እጇን ታሻሽና መልሳ ታጠልቀዋለች።