ግርማ ያስተረፋቸው ካፕሱሎች

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኩታ፣ «እማማ፣ እናቴን ደረቷን አሟት ነው፤ ከዚያ ከካፕሱልዎ ሁለት ፍሬ ይስጡኝ» አለችኝ። ሰሞኑን ለሳል የታዘዘልኝ መድኃኒት ራስጌዬ እንዳለ ታውቃለች። እኔም ተሽሎኛል። ግን አልሰጠኋትም። «ነጠላዬን ልልበስና ጤና ጣቢያ አብሬያት እሄዳለሁ» ስላት ቅር ብሏት ሄደች። ባለቤቴ ግርማ ቢኖር ኖሮ ይታዘበኝ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ላፍቶ ገና ማሳ ነው፤ በክረምት የእርጥብ አፈርና የባቄላ አበባ ሽታ እቤታችን ድረስ ይገባል። ግርማ ከማሳው ዳር የሚበቅሉትን አዳዲስ ቤቶች ይለስን ነበር። የሲሚንቶው አቧራ ያስለዋል። ባሳለው ቁጥር አምፒሲሊን ይገዛና ሁለት ቀን ውጦ ያቆማል።

«ጨርሰው እንጂ» ስለው፣ «ጤነኛ ሰው መድኃኒት ይውጣል እንዴ?» ብሎ ይስቅብኛል።

የተረፈውን በወረቀት ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ጎረቤት ሲታመም ከሎሚውና ከዳቦው ጋር ይዞ ይጠይቃል። ሰፈሩ «ዶክተር ግርማ» ይለው ነበር። ሁላችንም እንዲያ ነበርን፤ መድኃኒት መጣል ነውር ይመስለን ነበር።

አንድ ሐምሌ፣ ዝናብ ካራሰው መወጣጫ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ሆስፒታል በአፉ ቱቦ አስገብተው በማሽን ያስተነፍሱት ጀመር። እኔ ጭቃውን አቋርጬ፣ ታክሲ ተሳፍሬ፣ በየቀኑ የገብስ አጥሚት በፔርሙዝ እወስዳለሁ። ነርሷ «ቱቦው ሲወጣ ትሰጪዋለሽ» ስላለችኝ፣ እስከዚያው የሌሎች በሽተኞች አስታማሚዎች ይጠጡታል። ከሳምንት በኋላ እጄን ጨበጥ አደረገ። ቱቦውን ልናወጣ ነው አሉኝ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ፤ በደስታ።

ሳይወጣ ትኩሳት ያዘው። የሳንባ ምች ነው አሉ። መድኃኒት ቢቀይሩለትም ትኩሳቱ አልበርድ አለ።

ሐኪሙ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። «እህቴ፣ ከመውደቁ በፊት መድኃኒት ይወስድ ነበር?»

«ሲያስለው አምፒሲሊን።»

«ይጨርሰዋል?»

«ሲሻለው ይተወዋል።»

«በዚህ ብቻ የመጣ ነው አልልሽም» አለ። «ቱቦው ለተህዋሲያን መንገድ ይከፍታል። ብዙ ቀን ተኝቷል። እኛም መጀመሪያ ላይ ብዙ መድኃኒት ሰጥተነዋል። ግን ተህዋሲያን በግማሽ የተዋጠን መድኃኒት ይለምዱታል። አሁን ያዘው የምንለው ተህዋስ እጃችን ላይ ያለውን መድኃኒት ሁሉ የለመደ ነው፤ አይገድለውም።»

በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሊጠይቁት መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ወረቀት አወጡ። ግርማ ባለፈው በጋ የሰጣቸው ካፕሱሎች ነበሩ፤ እሳቸውም ሲሻላቸው አስተርፈዋቸዋል።

«ለእሱ ስጡልኝ፤ እኔን አድኖኛል» አሉት ሐኪሙን።

ሐኪሙ አላረማቸውም። በሁለት እጁ ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አላቸው። ግርማ በዚያው ሳምንት አረፈ። ፔርሙዙን እንደሞላ ይዤው ተመለስኩ።

ይህን ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ እጄም ዝሏል። ከልጅቱ እናት ጋር ጤና ጣቢያ ደርሰን መጥተናል። ለእሷም ታዞላታል። እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ እየሄድኩ ላስውጣት ነው፤ «ተሽሎኛል» ብትለኝም። የራሴን የመጨረሻውን ፍሬ አሁን በውኃ ዋጥኩ። የመድኃኒቱ ወረቀት ለጎረቤት ሳይተርፍ ባዶ ሲሆን፣ ዛሬም አንድ ነገር የነፈግኩት ሰው ያለ ይመስለኛል።