በሩ ላይ የነበረው ሳፋ

ቅድም ደረጃው ላይ ተገትሬ ስቀር ግራ ሳይገባሽ አልቀረም። ወለሉን በበረኪና ወልውለሽው ገና አልደረቀም ነበር፤ አንቺ ግን በትህትናሽ «ይለፉ ጋሼ፣ ለእርስዎ ችግር የለውም» አልሽኝ። የበረኪናው ሽታና ያ ቃልሽ ባንድ ላይ ሲመጡብኝ እግሬ አልታዘዝ አለ። እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ኖርድቬስትሽታት ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ፌስታሌን እንዳንጠለጠልኩ በሐሳብ አርባ ምንጭ፣ አባዬ የሙዝ ማሳ ገባሁልሽ።

ነገሩ ሲጀምር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። እዚሁ ፍራንክፈርት የአትክልተኝነት ሙያ፣ አውስቢልዱንጌን፣ እማር ነበር፣ የቆላ ተክል በሚበቅልበት የመስታወት ቤት። ውጪው በረዶ ሆኖ እዚያ ውስጥ ይወብቃል፤ መስታወቱ ያልበዋል፣ እርጥብ አፈር ይሸታል፣ ውኃው ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ይላል። መጀመሪያ ቀን ሙዙን ሳይ፣ አታምኚኝም፣ አለቀስኩ። የአባዬ ሙዝ ነዋ!

አሠልጣኛችን ቀጭን፣ ረጅም ሴትዮ ነበረች። በሩ ላይ መድኃኒት የተሞላ ሳፋ አስቀምጣለች። ጫማውን ሳይቦርሽና ሳይነክር ሊያልፍ የሞከረውን ሁሉ «ሹኸ!» ብላ ትጮህበታለች፤ ጫማ! ማለቷ ነው። የገዛ አለቃዋን እንኳ አታሳልፍም። ሴትዮዋ ጤነኛ አይደለችም እል ነበር በልቤ።

አንድ ቀን አስቀምጣ አስረዳችን። ሙዝን የሚያጠወልግ ፈንገስ አለ። አፈር ውስጥ ይኖራል፤ በሥሩ ይገባና የተክሉን የውኃ መሄጃ ይደፍናል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሙዙ በውኃ ጥም ይሞታል። ተረጭቶ የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ ነቅለሽ ብትጥይው እንኳ ፈንገሱ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ከማሳ ማሳ የሚያደርሰው ጭቃ የያዘ ጫማ ነው፣ ዶማ ነው፣ ከታመመ ሙዝ ሥር ተነቅሎ ሌላ ቦታ የሚተከል ቡቃያ ነው። «እሱ እግር የለውም፣ የእናንተን እግር ይዋሳል» አለችን።

በማግስቱ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ ስልክ ቤት አባዬ ጋ ደወልኩ። አባዬ የሚያለማው ትንሿን ሙዝ ነበር፤ ጣት የምታህለውን፣ ስትላጥ ቤቱን በሽታዋ የምትሞላውን። ያ በሽታ ደግሞ እሷን አይምርም። የመንደሩ ሙዝ ከታችኛው ቅጠል እየጀመረ ቢጫ ይሆናል ሲሉ ሰምቼ ነበርና ጭንቅ ያዘኝ።

«ማሳውን እጠረው፤ በሩ ላይ ሳፋ አስቀምጥ፤ ውኃና በረኪና ይኑርበት። ጫማውን ሳያጸዳ ማንም እንዳይገባ» አልኩት።

«ማንም?» አለኝ።

«ማንም!»

አደረገው። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀበት፣ በኋላ ተቀየመው። የክርስትና አባቴ፣ የአባዬ የልብ ወዳጅ፣ «ዕድሜ ልኬን የገባሁበት ደጅ ላይ ዛሬ ቆሻሻ ነህ ተባልኩ!» ብሎ ተመለሰ፤ ዓመት ሙሉ ድርሽ አላለም። አባዬ በስልክ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይሰበር ነበር። ሳፋውን ግን አላነሳም፤ ልጄ ብሎኛል ብሎ።

ትምህርቴን ስጨርስ የሥራ ፈቃድ፣ ኡርላውብ፣ ወስጄ አገር ቤት ገባሁ። ያቺ አሠልጣኜ ለምርቃቴ የሰጠችኝን አዲስ ቦት ጫማ ተጫምቻለሁ። በሦስተኛው ቀን የክርስትና አባቴ «ሙዜ ታመመብኝ፣ ና እይልኝ» ብሎ ላከብኝ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ማሳው ጭቃ ነው። ግንዱን በቢላ ስከፍተው ውስጥ ለውስጥ ቀላ ያለ ቡናማ ክር ተጋድሞበታል፤ ልክ እንደተማርኩት። መንደሩ ከቦኝ «ዶክተር» ይለኛል። ምን ልደብቅሽ፣ ደስ አለኝ! እየተንጎራደድኩ አስረዳኋቸው፤ ስለ ፈንገሱ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ጫማ ጭምር።

ስመለስ አባዬ የማሳው በር ላይ ቆሟል። ሳፋው በመሃላችን ነው፣ በረኪናው ይሸታል። ጫማዬን አየ፤ ሶሉ ጥርስ ውስጥ ጭቃው ተጠቅጥቋል። ሳፋውን አየ። ከዚያ ፊቴን አየ። እኔ ጅሉ እየሳቅኩ «አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ!» ብዬ ሳፋውን ተሻገርኩና አቀፍኩት።

«ግባ፣ ግባ» አለኝ። ሙዙን እስከ ጥጉ አብረን ዞርነው።

ለምን? ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ራሴን ስንት ዓመት ጠይቄዋለሁ። በሽታው የማያውቁ ሰዎች ነገር መስሎኝ ነበር መሰለኝ፤ እኔ ደግሞ አዋቂው ነኛ!

ፍራንክፈርት ከተመለስኩ በሁለተኛው ዓመት ደወለልኝ። «ከበሩ አጠገብ ያለው ረድፍ ቢጫ ሆነ። ጎርፍ ነው ያመጣብን» አለኝ። ማሳችን ያለው ከፍታ ላይ ነው፤ ጎርፍ ደርሶበት አያውቅም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«አዎ አባዬ፣ ጎርፍ ነው» አልኩት። አፌ አላፈረም!

ነቅሎ አቃጠለው። ያ በሽታ የማይደፍረውን ትልቁን ሙዝ ተከለበት፤ ትንሿ ሙዝ ግን ዳግም ቤታችን አልገባችም። ከክርስትና አባቴ ጋር ታርቀዋል፤ ለእሱም፣ ለጠየቀው ሁሉም «ጎርፍ ነው» ሲል ኖረ።

ሊሞት ዓመት ሲቀረው ሄጄ አየሁት። ዓይኑ ደክሟል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ሳፋው እዚያው በሩ ላይ ነበር፣ ባዶውን። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ተንበረከክሁ። ከያዝኩት የላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አፍስሼበት የጫማዬን ሶል በእንጨት እፍቅ ጀመር።

«ምን ታደርጋለህ? ግባ እንጂ፣ አንተ እኮ ነህ!» አለኝ አባዬ።

እኔ ስለሆንኩ እኮ ነው፣ ልለው አፌን ከፈትኩ። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«ተነስ ልጄ» አለኝ፤ «ጎርፍ ነው ብዬሃለሁ እኮ።»

ሳልነግረው ተነሳሁ።